ሦስት ወር የጠበቀችን ምስማር

ይህን ውይይት የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ 34 ደርሰዋል። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ላይኖረው ስለሚችል የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። የሚሰማኝን ግን አልደበቅኩም።

መነሻ ጽሑፌ ይህ ነበር። የምንኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። በሚያዝያ ከመኝታ ቤታችን በላይ አንዲት ምስማር ላላች። ነፋስ በመጣ ቁጥር የቆርቆሮው ጠርዝ ብድግ እያለ ይንኳኳል። እኔም ባለቤቴም ሌሊት ሌሊት እንሰማዋለን። ነገ እናስመታዋለን ተባብለን እንተኛለን፤ ሲነጋ ነፋሱ ጋብ ይላል፣ ነገሩም ይረሳል። ከጎረቤት መሰላል ተውሶ አንዲት ምስማር መትቶ መውረድ ቡና ከማፍላት ያነሰ ጊዜ እንደሚፈጅ ሁለታችንም እናምን ነበር። ሚያዝያ እንዲህ አለቀ፤ ግንቦትም፣ ሰኔም።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት አንድ ሌሊት ዝናቡ ሳያባራ አደረ። ጠዋት ስንነሳ ኮርኒሱ መሐሉ ላይ አብጦ ወደ ታች ረግቧል። ከሥሩ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ የነበረው የጨርቅ ሻንጣ ውሃ ጠጥቷል። በሻንጣው ውስጥ እናቴ በሰርጌ ቀን የለበሰችው የሐበሻ ቀሚስ ነበር። ውሃው የቆርቆሮውን ዝገት ይዞ ስለወረደ፣ በነጩ ሸማ ላይ ከቀኝ ትከሻ እስከ ወገብ ድረስ ቡናማ መስመር ሠርቷል፤ መሐሉ የደበዘዘ፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ቀሚሱን አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛው ቀረበች። እድፉን በአውራ ጣቷ ሁለት ጊዜ አሸት አደረገችው። ከዚያ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትቆጣኝ በወደድኩ።

ስለዚህ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ በቤት ውስጥ ያየነው ትንሽ ሥራ በዚያው ቀን መሠራት አለበት። ትንሽ ስለሆነ ይቆየናል የምንለው ነገር አይቆየንም፤ እኛ ስንረሳው እርሱ ሥራውን ይቀጥላል። ቤት ሠርተን፣ ልጅ አሳድገን፣ ዕዳ ከፍለን የማንሰንፍ ሰዎች በአንዲት ምስማር ፊት የምንሰንፈው ለምንድን ነው? የእናንተስ ቤት እንዴት ነው?

1ኛው መልስ ከአንዲት እህት ነበር። በትሕትና አመስግናኝ፣ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን አባባል አስታውሳ፣ በእናቴ ቀሚስ ማዘኗን ገልጻ ሄደች። 2ኛውን የጻፉት ለብዙ ዓመታት ቤት ሲከድኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔን ሊያርሙኝ ነበር የመጡት፤ እርማታቸው የዚህ ውይይት አንዱ ዋና ትርፍ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስፍረው።

በመጀመሪያ፣ ምስማሯ የላላችው በነፋስ ብቻ እንዳልሆነ አስረዱኝ። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ እንደ አዳማ ባለ ሙቅ ከተማ ይህ በየቀኑ ስለሚደጋገም ምስማሩን ከእንጨቱ ጥቂት በጥቂት ይነቅለዋል። ነፋሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ አይደለም፤ ከቆቡ ሥርም ጎማ ሊኖረው ይገባል። ጎማው በፀሐይ ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ምስማሩ ሳይላላም በዚያ ስንጥቅ ውሃ ሊገባ ይችላል። ሦስተኛ፣ እኛ ልናደርግ ያሰብነው፣ የላላችውን ምስማር እዚያው ቀዳዳ ላይ መልሶ መምታት፣ ዋጋ የለውም። ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ከአንድ ወር በኋላ መልሳ ትላላለች። አሮጌውን ቀዳዳ በሲሊኮን ደፍኖ፣ ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ጤነኛ እንጨት ላይ አዲስ መምታት ነው መፍትሔው። በጣም አጥብቆ መምታትም ጉብታውን ስለሚያጎደጉደው ውሃ ያቁራል። መጨረሻ ላይ፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ከሥሩ ሞራሌ ያለበትን መስመር እየረገጠ እንዲሄድ፣ ጠል ሳይደርቅ ደግሞ ጨርሶ እንዳይወጣ አሳሰቡ።

ይህን ሳነብ ያቺ የቡና ማፍያ ጊዜ የምላት ነገር ስህተት እንደነበረች ገባኝ። ሥራው በአግባቡ ቢሠራ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልግ ነበር። ግን አንድ ሰዓትም ቢሆን ከተበላሸ ኮርኒስና ከእናቴ ዝምታ ያንሳል።

3ኛው መልስ ከዚሁ ከከተማችን ሰው ነው። በነፋሳችን ማንም እንዳይቀልድ፣ ነፋሳችን ቀልድ ቢሆን ኖሮ ከከተማው በላይ ባሉት ኮረብታዎች ላይ በመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ በሁለተኛው 102 የነፋስ ተርባይኖች እንደማይተከሉ ጻፈ። ሁለቱ ጣቢያዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ነው የተሠሩት። እንደዚያ ያለ ግዙፍ ክንፍ የሚያዞር ነፋስ የላላ ቆርቆሮ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ አስቡት፤ ይህ የእርሱ ሐሳብ ነው፣ ልክም ነው።

4ኛው ልቤን ነካው። የሦስት ልጆች እናት ናት፤ በትሕትና፣ ግን ጠንከር አድርጋ ተቃወመችኝ። በቤቷ አምስት ደቂቃ የምትፈጅ ሥራ አንድ ብቻ ብትሆን ወዲያው እንደምትሠራት ገለጸች። ነገር ግን ከሥራ ስትመለስ የልጁ ቁልፍ ተበጥሷል፣ የወጥ ቤቱ በር ማጠፊያ ይጮኻል፣ የሊጡ ቡሃቃ ሳይታጠብ ደርቋል፣ ማብሪያ ማጥፊያው አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ እምቢ ይላል፣ ውሃ ደግሞ ሌሊት ስለሚመጣ ነቅቶ መቅዳት አለ። አምስት ደቂቃ ሲደመር አምስት ደቂቃ እያለ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ትንሽ ሥራ ወዲያው ይሠራ የሚል ሰው ስንት ትንሽ ሥራ እንዳለ ቆጥሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ አልቆጠርኩም ነበር። በማግስቱ ወረቀት ይዤ በቤታችን ዞርኩ፤ ምስማሯን ሳልጨምር 17 አገኘሁ።

5ኛው መልስ ለእርሷ የተሰጠ ነው፤ እኔም እስካሁን በየቀኑ የማስበው ይህንኑ ነው። ብቻውን የሚኖር ወጣት ነው። ሥራው የሚቆየው በስንፍና ሳይሆን መሣሪያው በእጅ ስለማይገኝ መሆኑን ከራሱ ሕይወት አየ። ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ ቴፍሎን የለም። ቴፍሎን ለመግዛት መውጣት አለበት፤ ሲወጣ ይረሳዋል፤ ሲያስታውስ ሱቁ ተዘግቷል። በዚህ መሐል ጠብታው አንድ ወር ሞላው። በመጨረሻ አንድ ባዶ የጫማ ካርቶን በር አጠገብ አስቀመጠ። በውስጡ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ ቴፍሎን፣ ሁለት የቧንቧ ጎማ፣ ባለ ጎማ ምስማሮች፣ መርፌና ክር፣ ትንሽ የባትሪ መብራት አለ። ከዚያ ወዲህ ያየውን ሥራ ወዲያው ይሠራዋል፤ ጠባዩ ሳይሆን የተለወጠው ካርቶኑ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ከ17ቱ ሥራዎቻችን ውስጥ የትኞቹ በዕቃ እጥረት እንደቆሙ መረመርኩ። አሥራ አንዱ ነበሩ። እኔ ለሦስት ወር ራሴን በስንፍና ስከስስ የጎደለኝ አንድ ካርቶን ዕቃ ነበር።

6ኛው ስለ ውሃ ብክነት ነው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ በቀን 100 ሊትር እንደሚያባክን ጻፈ። 7ኛው ቁጥሩ መጋነኑን በስሌት አሳየ። በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ በቀን 86,400 ጠብታ ትሆናለች። እርሱ ከወጥ ቤቱ ቧንቧ የወደቁትን ቆጥሮ በመርፌ መርጫ ሲለካ፣ አራት ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ሆነለት። ስለዚህ በቀን 21 ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትንሽ ይበልጣል። እኔ ይህ ትክክለኛ ቁጥር ከተጋነነው ይልቅ አስደነገጠኝ። 100 ሊትር ሲባል ሰው አያምንም። አንድ ጀሪካን ሲባል ግን ወረፋ ቆሞ፣ ገዝቶ፣ በባጃጅ ጭኖ የሚያውቀው ሁሉ ክብደቱ በክንዱ ላይ ይሰማዋል። 8ኛው 6ኛውን ሳያጣራ በመጻፉ ገሠጸው፤ 6ኛውም ተመልሶ በ9ኛው ይቅርታ ጠየቀ። ክርክር በዚህ መንገድ ሲያልቅ ደስ ይላል።

በ10ኛው አንዲት የሥነ ልቦና ተማሪ ብሉማ ዘይጋርኒክ ስለምትባል ተመራማሪ ጻፈች። ዘይጋርኒክ በ1927 እ.ኤ.አ. በጀርመን ባወጣችው ጥናት ሰዎች ጀምረው ያቋረጡትን ሥራ ከጨረሱት የበለጠ እንደሚያስታውሱ አሳይታለች። ተማሪዋ ከዚህ በመነሳት ያልተሠራ ሥራ በጭንቅላት ውስጥ ቦታ ይዞ እንደሚያደክም ደመደመች። 11ኛው፣ በጨዋ አነጋገር፣ ግኝቱ በኋላ ሲፈተሽ ሁልጊዜ ያንኑ ውጤት እንዳልሰጠ አስታወሰ። ደግሞም ጥናቱ ስለ ተቋረጠ ሥራ እንጂ ጨርሶ ስላልተጀመረ ሥራ አልነበረም። ልዩነቱ ትክክል ነው። ቢሆንም ያ የቆርቆሮ ድምፅ ለሦስት ወር እንቅልፌ ውስጥ እንደነበረ ምስክር መጥራት አያስፈልገኝም።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ተበላሸ። 12ኛውን የጻፈው ሰው የቤት ሥራ የሚከማቸው ሴቶች ቡና ላይ ተቀምጠው ስለሚያወሩና ስልክ ስለሚነካኩ ነው አለ። የተቀረውን እዚህ አልደግመውም። 13ኛዋ እንደ እሳት ነበረች። በዚህ ሰው ቤት የዘይቱ ማለቅ፣ የልጁ የክትባት ቀን፣ የኮንቴነሩ ክዳን መሰንጠቅ፣ የአማቱ መድኃኒት በማን ጭንቅላት ውስጥ እንደሚቀመጥ ጠየቀችው። ማስታወስ ራሱ ሥራ ነው፤ ማንም የማያየው፣ ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ነው። አነጋገሯ ሻካራ ነበር፤ ያለችው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። 14ኛው ላስታርቅ ብሎ ጣሪያ የወንድ ሥራ ስለሆነ ጥፋቱ የባለቤቴ ነው ሲል ፈረደ፤ አባባሰው እንጂ አላስታረቀም። እኔ ራሴ በ15ኛው ገብቼ ባለቤቴን እንዳይነኩት፣ ጥያቄዬም ማን ጥፋተኛ ነው የሚል እንዳልሆነ አሳሰብኩ።

16ኛው መልስ ከባለቤቴ መጣ። እየተከታተለ መሆኑን አላወቅኩም ነበር፤ ሳሎን ተቀምጦ ነበር የጻፈው። አጭር ናት። ድምፁን እንደ እኔው በየሌሊቱ እንደሰማ፣ ሥራው ያቃተው እንዳልሆነ፣ ነገር ግን እኔ እስካስታውሰው ይጠብቅ እንደነበር፣ ይህንንም የተረዳው 13ኛውን መልስ ሲያነብ መሆኑን ጻፈ። 12ኛውንም ሳያነሳ አላለፈም፤ በዚህ ቤት ስለ ሴቶች እንዲያ እንደማይነገር ገለጸ። ካነበብኩ በኋላ ተነስቼ ሳሎን ሄድኩ። የተነጋገርነውን እዚህ አልጽፍም።

17ኛው ተከራይ ነው። እርሱ ቢፈልግም መሥራት አይችልም፤ የሚያፈስ ቧንቧ አለ፣ አከራዩ እኔ ራሴ አሠራዋለሁ ስላሉ አምስት ወር ሆነው። 18ኛው ሕግ የሚያውቅ ይመስላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥገናው በአከራይና በተከራይ መካከል የተከፈለ እንደሆነ፣ በአጠቃቀም የሚመጡ ጥቃቅን ጥገናዎች የተከራዩ፣ ቤቱን ለኑሮ ብቁ አድርጎ ማቆየት ግን የአከራዩ ድርሻ መሆኑን፣ ውሉ ውስጥ ሌላ ነገር ከተጻፈ ደግሞ መጀመሪያ ውሉ እንደሚታይ አብራራ። በተለይ የወደድኩት ምክሩ ብልሽቱ በታየ ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ የሚለው ነው፤ ለተከራይ ትንሹን ሥራ በጊዜው መሥራት ማለት ይህ ነው። 19ኛዋ አከራይ ናት፤ ተቆጥታ ገባች። ተከራዮች በር ሰብረው፣ ፍሳሽ ደፍነው እንደሚወጡ፣ የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ውስጥ የሽሮ ቅሪትና ጨርቅ ማውጣቷን ዘረዘረች። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ እኔ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

20ኛውን ሁሉም ሰው ቢያነበው እመኛለሁ። የጤና ባለሙያ ናት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤታችን በርሜል አለ። ክዳኑ ተሰብሮ ወይም ጠምሞ ይቀመጥና ነገ ይገዛል ይባላል። ትንኝ ውሃ ውስጥ ከጣለችው እንቁላል ተነስታ ክንፍ አውጥታ እስክትበር እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ በርሜሉን በየሳምንቱ ባዶ አድርጎ ማጠብ ዑደቱን ይቆርጠዋል፤ በየወሩ ማጠብ ግን አይቆርጠውም። ውሃውን መድፋት ብቻም አይበቃም። አንዳንዱ የትንኝ ዓይነት እንቁላሉን ከውሃው ጠርዝ በላይ በግድግዳው ላይ ስለሚለጥፍ ጎኑን በብሩሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል። ወባ በምታውቀው አካባቢ ይህ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእኛ በርሜል ክዳን ከ17ቱ አንዱ ነበር።

21ኛው ልክ በጊዜው የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ካርቶኑን አንብቦ የተነሳሳ ሰው ሁሉ ካቻቢቴ ይዞ ሶኬት እንዳይፈታ ለመነ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ስፒናው ሲነካ የሚሞቅ ወይም የጠቆረ ከሆነ ውስጡ የላላ ነገር አለ ማለት ነው፤ እሳት የሚነሳው ከዚያ ነው። በዚህ ጊዜ ወዲያው መሠራት ያለበት ሥራ መፍታት ሳይሆን ምጣዱን መንቀል፣ ከቆጣሪው ማጥፋትና ባለሙያ መጥራት ነው። 22ኛው ይህን በመደገፍ እህቱ በደረሰባት ነገር አስረዳ፤ ጉዳዩ የእርሷ ስለሆነ አላነሳውም።

23ኛው ወደ ጎርፍ ወሰደን። አዳማ በኮረብታዎች መሐል ዝቅ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች በክረምት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የሁላችን ነው። ጸሐፊው በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ አሸንዳውንና ከደጁ ያለውን ቦይ ይጠርጋል፤ ጎረቤቱ ግን የጠረገበት ላይ ፌስታል ይጥላል። 24ኛው ጎረቤቱ እኔ ልሆን እችላለሁ ብሎ ተቆጣ፤ ባይሆንም የሚሆን ይመስላል። 25ኛው ሁለቱን ዝም አሰኛቸውና የቦይ ጉዳይ ለብቻው እንዲከፈት ጠየቀ።

አሁን ወደ 26ኛው ደረስኩ፤ ይህን መልስ ለሁለት ቀን መመለስ አልቻልኩም ነበር። የጻፉት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ሁሉንም እንዳነበቡ፣ እኔንም እንደ ልጃቸው እንደሚያዩኝ ገለጹና ስለ ሟች ባለቤታቸው ነገሩኝ። ባለቤታቸው ያየችውን ሥራ የማታሳድር ሴት ነበረች። ቤታቸው ውስጥ የላላ ምስማር፣ የተበጠሰ ቁልፍ፣ ሳይታጠብ ያደረ ሲኒ ታይቶ አያውቅም። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ ቡና ስታፈላ ራሷ በሙቁ ጠጥታው አታውቅም። አቦሉን ቀድታ ለሁሉ ታድላለች፣ የራሷን ልታነሳ ስትል ያየችው ነገር ያስነሳታል፤ ስትመለስ ቀዝቅዟል። እርሳቸው ቤቱ ንጹሕ በመሆኑ ይኮሩ ነበር። ዛሬ የሚያስታውሱት ግን ሳይጠጣ የቀዘቀዘውን ሲኒ ነው። ቁጭ በይ ብዬ አንድ ቀን እጇን ይዤ ባስቀመጥኳት ኖሮ ይላሉ።

ከመነሻ ጽሑፌ ጋር የሚጣላ ነገር ቢኖር ይህ ነው። የ4ኛዋ እናት በጊዜ እጥረት ተከራከረችኝ፤ እኚህ አባት ግን ሥራው ሁሉ በጊዜው የተሠራበትን ቤት ከፍተው አሳዩኝ። በ27ኛው የመለስኩላቸው የሚከተለውን ነው። የተናገሩት ወደ ልቤ ገብቷል። ያየሁትን በዚያው ቀን ልሥራ ማለቴን አልተውኩም፤ ነገር ግን ማን ያየዋል፣ ማንስ ይነሳል የሚለውን ሳልጨምር መጻፌ ጉድለት ነበር። አንድ ሰው ብቻ የሚነሳበት ቤት ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የዚያ ሰው ቡና ግን ይቀዘቅዛል። አሁን 17ቱን በወረቀት ጽፈን በወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፈናል፤ ያየ ይሠርዛል። ቡና ሲፈላ ግን ማንም አይነሳም፤ ጣሪያው ቢንኳኳም እስከ በረካው ይቆያል። እርሳቸው በ28ኛው አንድ ምርቃት ብቻ ጽፈው አለፉ፤ አሜን ብያለሁ።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ወደ ቀሚሱ ዞረ። 29ኛዋ በረኪና ከሎሚ ጋር ቀላቅዬ እድፉ ላይ እንዳፈስ መከረችኝ። 30ኛው ሳይውል ሳያድር ደረሰ፤ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ቃሉም ስለታም ነበር። በረኪና ከሎሚም ሆነ ከማንኛውም አሲድ፣ በተለይ ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በትንሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ የሚሠራ ሰው ሊሞት ይችላል። ለዝገት ደግሞ በረኪና ለብቻውም ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፤ እድፉን ያጠነክረዋል። 29ኛዋ በቅን ልብ መጻፏን አልጠራጠርም፤ እርሱም መልሶ አለሳልሶላታል። ነገር ግን እዚህ ላይ ስለታም መሆኑ ትክክል ነው።

31ኛዋ በሽመና የምትተዳደር ቤተሰብ ልጅ ናት፤ መፍትሔውን የሰጠችኝ እርሷ ናት። እድፉ ላይ ጨው ነስንሶ ሎሚ መጭመቅ፣ እርጥቡን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ሳይደርቅ ሌላ ሎሚ መጨመር፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ። አንዴ አይለቅም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል። ጥለቱ ቀለሙን እንዳይለቅ ሎሚው ወደዚያ እንዳይደርስ መጠበቅ፣ አስቀድሞም በማይታይ ጠርዝ ላይ ጥቂት መሞከር። 32ኛው አዳማ ገበያ ሎሚ መወደዱን ጽፎ ስለ ሶደሬ ጉዞ ሊያወራ ሞከረ፤ ማንም አልተከተለውም።

በ33ኛው የ4ኛዋ እናት ተመልሳ ጠየቀች፦ ቀሚሱ ምን ሆነ?

34ኛው የእኔ መልስ ነው። ምስማሮቹ ተቀይረዋል፤ ባለቤቴ በ2ኛው መልስ መሠረት ሠርቷቸዋል፣ አንዲቷን ብቻ ሳይሆን ስምንት። ከ17ቱ ዘጠኙ ተሠርዘዋል። ቀሚሱን ደግሞ ሦስት ጊዜ በሎሚ ሞከርኩት፤ ነሐሴ ስለሆነ ደመና በተገለጠ ቁጥር ወደ ገመዱ እየሮጥኩ ነው ያሰጣሁት። ጠቆር ያለው ዳርቻ ጠፍቷል፤ መሐሉ ላይ ስስ የገለባ ቀለም ቀርቷል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እናቴ ራሷ ከገመዱ አወረደችው። እንደዚያ ቀን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛው ቀረበች፣ እንደዚያ ቀን በአውራ ጣቷ ሁለት ጊዜ አሸት አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ገና አንድ ሎሚ እንደሚቀረው ነገረችኝ። ስለ ቀሚሱ ስትናገር ስሰማት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሎሚ ልገዛ ወጣሁ።